«አባባ፣ ፈረሱላ ስንት ነው?»

አያቴን አኮ ነበር የምንላት። እናቴን ያሳደገችው ጅማ፣ ሂርማታ ላይ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ቅቤ እየሸጠች ነው። ከመሞቷ በፊት በነበረው ክረምት ስልኬን ከፊቷ ደገፍ አድርጌ አርባ ደቂቃ ያህል አስወራኋት። ስለ ገበያው ነገረችኝ። ስለ በቅሎዋ ነገረችኝ። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር በእግሯ ስለመጣችበት መንገድ ነገረችኝ። ሐዘኑ በረድ ካለ በኋላ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ምስሉ ጥሩ ነው። ሻሿን እየነካካች፣ በእጇ እያሳየች ስታወራ ትታያለች። የሚሰማው ግን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።

ጅማ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ሲጀምር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ ወይ ይጮሃል። አልፎ አልፎ አንድ ቃል ከዝናቡ መሀል ብቅ ይላል። «በቅሎዋ»፣ «ያኔ»፣ «እናቴ»። ወዲያው ደግሞ ይሰምጣል። የዚያን ቀን የነገረችኝን ደህና አድርጌ አላዳመጥኩም። ስልኩ እየቀዳልኝ ስለሆነ በኋላ እሰማዋለሁ ብዬ ነበር።

ያ ቪዲዮ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስቤ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በቪዲዮ መቅረጽ የማስተምረው በእሱ ምክንያት ነው። አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በዚህ ሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው።

ሰዎች ስለዚህ ሥራ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራ ነው። ምን ዓይነት ካሜራ አላችሁ? ማን ሰጣችሁ? የምንቀርጸው በስልክ ነው። የቀረጻውን ነገር ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ስልኩ ይጋደማል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ወሬው በደመቀበት ሰዓት አንድ ሰው ይደውልና ቀረጻው ይቋረጣል። ተናጋሪው ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ጀርባውን ለመስኮት ከሰጠ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ቴሌቪዥን ይጠፋል። የሚወቀጥ ቡና ካለ ተወቅጦ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑ፣ ቦታውና የተናጋሪው ስም በድምፅ ይነገራል፤ የፋይል ስም ይለወጣል፣ በድምፅ የተነገረ ግን ከቪዲዮው አይለይም።

ከምስል ይልቅ ለድምፅ እንጨነቃለን። ምስሉ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል። ድምፁ ከጠፋ ምንም የለም፤ እኔ ይህን በአያቴ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የገዛነው ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ማይክ ነው። ዝናብ ከመጣ ቀረጻ የለም። ቡና እንጠጣለን፣ እንጫወታለን፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን። በጅማ ሰማይ ይህ ማለት ብዙ ቅዳሜዎች ያልፋሉ ማለት ነው።

ትራይፖድ አልነበረንም። ሰው ሁሉ ቤት ግን የጅማ በርጩማ አለ። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ። ወለሉ አባጣ ጎርባጣ ቢሆንም አይወላገድም። ሁለቱን ደራርበን፣ ስልኩን በመጽሐፍ ደግፈን ስንት ሰዓት ቀርጸንበታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰዓት ጥሩ ቪዲዮ ከሰባት እስከ ስምንት ጊጋባይት ይወስዳል። ስልክ ይሞላል፤ ይሰረቃል፤ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ በዚያው ቀን ማታ ሦስት ቦታ ይገለበጣል። አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ቤት። ሦስቱም አንድ ቤት ውስጥ ከተቀመጡ፣ ሌባ ወይ እሳት ሲመጣ ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

እስከዚህ ያለው ቀላል ነው። ልጆቹ ስልክ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የከበደን መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያውን ቀረጻ አልረሳውም። መንደራ አካባቢ የሚኖሩ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ቡና ነጋዴ ነበሩ። ጠያቂው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጎበዝ ተማሪ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ መጣ። «ሙሉ ስምዎ? የትውልድ ዘመንዎ? የትውልድ ቦታዎ? የልጆችዎ ብዛት?» እሳቸውም የቀበሌ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው ቀጥ ብለው መለሱ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ አለቀ። ልጁ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «አመሰግናለሁ፣ አባባ» አለ። ተነሣን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን አየነው። አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ አባት አንዲት ነገር ጣል አድርገዋል። «ያን ጊዜ አምስት ፈረሱላ በበቅሎ ጭኜ በሌሊት እነሣ ነበር» ይላሉ። ልጁ «እሺ» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ቪዲዮውን አቆምኩና ፈረሱላ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። አሥራ አንዱም ዝም። የጅማ ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ዘመዶቻቸው ጎማና ማና ወረዳዎች ውስጥ ቡና ያላቸው ናቸው።

«ለምን አልጠየቅካቸውም?» አልኩት።

«ቲቸር፣ ያሳፍራል። ደግሞ ትልቅ ሰው ሲያወራ ማቋረጥ ነውር ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ያለው እውነት ነው። እንደዚያ አድርገን ነው ያሳደግናቸው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እንላለን፤ ልጅ ሲጠይቅ ግን ነዝናዛ እንለዋለን። እንግዳ ሲመጣ ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ቡና ያቀርባል፣ ከዚያ ጓዳ ይገባል። ትልቅ ሰው የሚያወራው ለትልቅ ሰው ነው። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው። አኮን በደህና ጊዜዋ ያልጠየቅኳት ስለማልወዳት አልነበረም። ማክበር ማለት ዝም ብሎ መስማት ይመስለኝ ነበር። ያልገባኝን እንደገባኝ ሆኜ ስንት ጊዜ አንገቴን ነቅንቄላታለሁ።

ስለዚህ ካሜራውን ለሦስት ቅዳሜ አስቀመጥነው። የተለማመድነው ጥያቄ ብቻ ነው። ትልቅ ሰውን በአክብሮት እንዴት ይጠይቁታል? «ይቅርታ አባባ፣ ይህቺ አልገባችኝም፤ ያስረዱኝ» ማለትን ተለማመድን። ሀጂ የሚባሉትን «ሀጂ» ብሎ ጀምሮ፣ ንግግራቸውን ትንፋሽ እስኪወስዱ ጠብቆ መጠየቅን ተለማመድን። በአንድ ቃል ከሚመለሱ ጥያቄዎች መራቅን ተለማመድን። «ገበያው ትልቅ ነበር?» ካልን መልሱ «አዎ፣ ትልቅ ነበር» ነው። «ሐሙስ ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ሰው ማን ነበር?» ካልን ግን ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፍነው በሐሳብ ወደ ገበያው ይሄዳሉ።

ያው ልጅ ወደ እኚያው አባት ተመለሰ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰላምታው እንዳለቀ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባለፈው ሳልጠይቅዎ የሄድኩት ነገር አለ። ፈረሱላ ስንት ነው?» አለ።

አባት ትንሽ ዝም ብለው አዩት። «አታውቅም?»

«አላውቅም።»

ከዚያ የሆነውን ብታዩት! ወንበራቸውን ወደ ልጁ አስጠጉ። «አሥራ ሰባት ኪሎ ነው፣ ልጄ» ብለው ጀመሩ። አምስቱ ፈረሱላ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ እንዴት ሚዛን እንደሚይዝ በሁለት እጃቸው አሳዩት። ከዚያ ሚዛን ስለሚያዛቡ ገዢዎች አወሩ። እርጥብ ቡና ከደረቅ ጋር ደባልቀው ስለሚያመጡ ሻጮችም አወሩ፤ አንድ ጊዜ ራሳቸውም አድርገውት ነበር። ቀጥለው ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ይነሡ እንደነበር፣ ጅብ እንዴት እንደሚከተል፣ የትኛው ወንዝ በክረምት በቅሎ እንደሚወስድ ነገሩት። ሃምሳ ደቂቃ። ማይኩ ባትሪ ጨርሶ ነው ያቆምነው። ስንወጣ ልጁን ትከሻውን ይዘው «እኔ እኮ ሁሉን የምታውቁት መስሎኝ ነው የማልነግራችሁ» አሉት።

ይቺ አባባል ዕንቅልፍ ነሥታኛለች። እኛ በአክብሮት ዝም አልናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዝምታችንን ማወቅ፣ ወይ መሰልቸት አድርገው ወሰዱት። በሁለቱ መሀል ስንት ነገር ተቀበረ።

ሁለተኛው ጣጣችን «እሺ» ነበር። የእኛ ሰው ሲያዳምጥ ዝም አይልም። «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ «እህ» ብሎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ቀረጻ ላይ ይህ በተናጋሪው ድምፅ ላይ ይወጣል፤ ሲጻፍም ያስቸግራል። መጀመሪያ ልጆቹን ጭራሽ ድምፅ አታሰሙ አልኳቸው። ተሳስቼ ነበር። አንዲት እናት መሀል ላይ ወሬአቸውን አቁመው «ምነው፣ አስቀየምኳችሁ እንዴ?» አሉ። ምላሽ የሌለው ሰው ለእሳቸው ያኮረፈ ሰው ነው። አሁን ልጆቹ በዓይናቸውና በአንገታቸው ይመልሳሉ፤ አንዳንዴም አንድ «እሺ» ትገባለች። ትግባ።

ዓይኑም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ልጆቻችን ትልቅ ሰው ፊት መሬት እንዲያዩ ተደርገው ያደጉ ናቸው። መሬት የሚያይ ልጅ ፊት ግን ማንም አይጫወትም። ያገኘነው መላ ልጁን ከሽማግሌው ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከታች ወደ ላይ ማየት ድፍረት አይሆንም። ስልኩ ደግሞ በሽማግሌው ዓይን ልክ ከልጁ ትከሻ በላይ ይቆማል። እንዲህ ሲሆን ተናጋሪው ልጁን ነው የሚያዩት፤ ስልኩን ይረሱታል።

ስለ ቡና ሳላወራ የጅማ ሰው ልባል አልችልም። ሁለት ዓመት አይቻለሁ፤ አቦል ላይ የሚነገረውና በረካ ላይ የሚነገረው አንድ አይደለም። አቦል ላይ ሰው ለእንግዳ የሚያወራውን ያወራል። ድሮ ደግ ነበር፣ ሰው ይተዛዘን ነበር፣ እህሉ ርካሽ ነበር። ቶና ላይ ስም ይጠራል። በረካ ላይ፣ ሲኒው ሊታጠብ ሲል፣ «አንድ ነገር ልንገርህ» ይመጣል። ስለዚህ በአቦል ጨርሰን አንነሣም። ሦስተኛውን ሳይጠጣ የሚወጣ ልጅ ታሪኩን ጥሎ ነው የሚወጣው።

ልጆቹ ሁሉም መጀመሪያ መጠየቅ የፈለጉት ስለ አባ ጅፋር ነበር። ይገባኛል። ጂረን ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት እያዩ ነው ያደጉት። ሁለተኛው አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው የነገሡት፤ ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የጅማን የውስጥ አስተዳደር ይዘው የቆዩ ንጉሥ ናቸው። ግን እሳቸውን በዓይኑ አይቶ የሚያስታውስ ሰው ለማግኘት መቶ ዓመት የሞላው መፈለግ አለብን። ዛሬ የሰማንያ ዓመት ሰው ስለ አባ ጅፋር የሚነግረን አባቱ የነገረውን ነው። ይህም ይቀረጻል። ግን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦሮምኛው «አርጋ ዳጌቲ» ይላል፤ ያዩትና የሰሙት እንደማለት ነው። ልጆቹ ጽሑፉን ሲያዘጋጁ ዳር ላይ «ያዩት» ወይም «የሰሙት» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ «ያዩት» ወደሚለው እገፋፋቸዋለሁ። አባ ጅፋር ተጽፈውላቸዋል። የበቅሎ ነጋዴው አልተጻፈላቸውም።

ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ወሬ ይገድላል። የእኛ ሰው ጊዜን የሚቆጥረው በነገር ነው። «ጣሊያን ሲወጣ»፣ «ዘመቻ የመጡ ጊዜ»፣ «ቤት የተወረሰ ጊዜ»። እነዚህን ተቀብሎ በኋላ ማጣራት ይቻላል። ትርፍ ቤት የተወረሰው ሐምሌ 1967 ነው፤ ይህ መዝገብ ላይ አለ። አንዲት እናት ያኔ ስንት ሊጥ አቡክተው እንደነበር ግን መዝገብ ላይ የለም።

አንዳንዴ የሚነገረው ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም። አንዲት እናት የቡናው በሽታ የመጣው መሬት ከተወረሰ በኋላ ነው አሉን። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቁረውና የሚያረግፈው በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ የመሬት አዋጁ ደግሞ በ1975። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለይቶ ስላወጣ ልጆቹ ይህን ትምህርት ቤት ሰምተዋል። አንዷ ተማሪ ልታርማቸው አፏን ስትከፍት አየኋት። ከዚያ ራሷን ገታችና «ያኔ ቤታችሁ እንዴት ሆነ፣ እማማ?» አለቻቸው። ለካ ባላቸው በመሬቱ ነገር ታመው የሞቱት በዚያ ዓመት ነው። እሳቸው ዘንድ የቡናው መርገፍና የሰውዬው መሞት አንድ ላይ ነው ያለው።

ፖርቴሊ የሚባል ጣሊያናዊ የቃል ታሪክ አጥኚ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ቴርኒ በምትባል ከተማ አንድ ወጣት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1949 ሰልፍ ላይ በፖሊስ ተገደለ። ብዙዎቹ የከተማው ሠራተኞች ግን የሞተው በ1953 ነው ብለው ነገሩት፤ ሰዎች በገፍ ከፋብሪካው የተባረሩበትና መንገድ ላይ የታገሉበት ዓመት ነው። ፖርቴሊ ስሕተቱን አልጣለውም። ሰዎቹ ሞቱን ወዴት እንደወሰዱትና ለምን እንደወሰዱት ጠየቀ። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ያቺ ተማሪ ፊቷ በራ።

የቋንቋውን ነገር ነካ አድርጌ ልለፍ። ጅማ ውስጥ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ ዳውሮኛ፣ ከፋኛ ወይም የምኛ የሚጨምርም አለ። በአንድ ቋንቋ ብቻ እንዲያወሩ አንጠይቅም። ጽሑፋችን ላይ ቁቤና ፊደል አንድ መስመር ላይ ይገኛሉ። አንድ ሰዓት ቀረጻ መገልበጥ አምስትና ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አንዲት እናት ስለ ገበያ ሲያወሩ በኦሮምኛ፣ ስለ ቀበሌ ሲያወሩ በአማርኛ መሆኑን ያስተዋሉት ሲገለብጡ የዋሉት ልጆች ናቸው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ ከቀረጻው አርባ ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ክፋት አልነበረውም። አሮጊቷ ስለ መጀመሪያ ባላቸው እየሳቁ ያወራሉ፤ ደስ የሚል ነው። ብዙ ሰው አየው። ካዩት መካከል የመጀመሪያው ባል የልጅ ልጆች ነበሩ። ቤተሰቡ ተቆጣ። እሳቸው ደግሞ ቤታቸው ተቀምጠው ለሦስት ሰው ያወሩት ወሬ እንዴት አደባባይ እንደወጣ አልገባቸውም። ልጁ ወዲያው አጠፋው። እኔ፣ ልጁና ሁለት ሽማግሌዎች ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ይቅር አሉን። ከዚያ በኋላ ግን አልቀረጽናቸውም፤ እሳቸውም አልጠሩን። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደሚቀረጽ ከማስተማሬ በፊት ማን ያየዋል የሚለውን መነጋገር ነበረብኝ።

አሁን ከቀረጻ በፊት እንነጋገራለን። ቤተሰብ ብቻ ይየው? ሠፈር ይየው? ማንም ይየው? ምላሹ በድምፅ ይቀረጻል። ካለቀ በኋላ ደግሞ በድጋሚ እንጠይቃለን፤ ሰው ምን እንደሚናገር የሚያውቀው ከተናገረ በኋላ ነው። አንድ አባት በረካው ላይ የቤት መውረሱን ጊዜ አንሥተው ማን ማንን እንደጠቆመ በስም ነገሩን። የተጠቆሙትም የጠቋሚውም ልጆች ዛሬ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ጨርሰው «ይህቺን አጥፏት» አሉ። ልጆቹ አዩኝ። ከሰማነው ሁሉ የበለጠው ነበር። አጠፋነው፤ እሳቸው እያዩ፣ ከስልኩ መጣያም ጭምር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ሁሌም እወደው ነበር። አሁን ስሰማው ማን ይወርሰዋል የሚለውን ነው የማስበው። ስለዚህ ቪዲዮው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተናጋሪው ቤት ነው። በፍላሽ እንሰጣለን፤ አብረንም ቁጭ ብለን እናያለን። ይህን ቀን እወደዋለሁ። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። አባት ራሳቸውን ያርማሉ፤ «እንዲያ አይደለም፣ በቅሎዋ ቡላ ነበረች» ይላሉ። የልጅ ልጃቸው «ይህን መቼም ነግረውኝ አያውቁም» ትላለች። «መቼ ጠየቅሽኝ?» ይሏታል። ከልጆቹ አንዱ ይህንንም ይቀርጻል።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ስለ ቡናው በሽታ ልታርም የነበረችው ተማሪ የአኮን ቪዲዮ ላየው ብላ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ማዳመጫ አድርጋ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። ዝናቡ አልለቀቀም። በመጨረሻ አሥራ ዘጠኝ ቃላት በደብተሯ ጽፋ አመጣችልኝ፤ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ደቂቃው አለ። እኔ ሰምቼው የማላውቅ አንድ የወንዝ ስም አለበት። «ቲቸር፣ ይህን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ሂርማታ አይጠፋም» አለችኝ።

አንዲት የአኮ የገበያ ጓደኛ አሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ደህና ነው። ካልዘነበ ቅዳሜ ጠዋት እንሄዳለን። መጀመሪያ የምጠይቀው እኔ ነኝ።